ሰርጉን ሁሉ ዲዳ ያደረገው ድርጅቴ

ሰው ድርጅት ከመክፈቱ በፊት ገበያ ያጠናል አሉ። እኔ ማኅተም አስቀረጽሁ። ክብ ማኅተም ነው፤ መሐሉ ላይ ሞንታርቦ፣ ዙሪያውን «ጎርፍ የሙዚቃ ማስተዋወቂያና ማከፋፈያ ድርጅት፣ ቆቦ» እንዲል ነበር ያዘዝሁት። ወልዲያ ያለው ቀራጭ ቦታ አጥሮት አንዷን ፊደል ዋጣትና «ማከፋያ» ብሎ ሰጠኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሰውየው ከእኔ አርቆ ያየ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት ከሮቢት እስከ ዋጃ በእኔ ድርጅት ያልተከፋ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

እንዴት እዚህ እንደደረስሁ ልንገራችሁ። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ድሮ ደግሞ ዘፈን በሚሞሪና በፍላሽ እጭን ነበር። ያኔ ወጣቱ ተሰልፎ «አዲስ የገባ አለ?» ይለኛል፤ እኔም እንደ ሐኪም ስልኩን ተቀብዬ፣ ጀርባውን ከፍቼ፣ ዝም ብዬ እሠራለሁ። አሁን ሁሉም ዘፈኑን ከኪሱ ያወጣል። የሚሰለፍልኝ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ብቻ ሆኗል። መታወቂያ ደግሞ አያስጨፍርም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ኮፒው ዝም ባለበት፣ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ኮት የለበሰ ሰው «ፕሮዲውሰር የለህም? አሳታሚ የለህም? ግድ የለም፤ ድምፅ ካለህ ይበቃል» ይላል። ውጭ አገር አከፋፋይ ድርጅት አለ። ፎርም ትሞላለህ፣ ዘፈኑን ትልካለህ፣ እነሱ በዓለም ላይ ባሉ የሙዚቃ መድረኮች ሁሉ ይበትኑልሃል። አርቲስቱ ፎርም መሙላት ካልቻለ መሐል ላይ ሆኖ የሚሞላለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፎርም ስሞላ የኖርሁ ነኝ። ለዚህ የተፈጠርሁ መሰለኝ።

ስሙን «ጎርፍ» ያልሁት በምክንያት ነው። ለደጋ ሰው ጎርፍ መዓት ነው፤ ለእኛ ለቆላዎቹ ግን ከተራራ ወርዶ ማሽላችንን የሚያጠጣ ሲሳይ ነው። ጠልፈህ ወደ ማሳህ ካስገባኸው ትጠግባለህ። ይህን ለባለቤቴ ለፋጡማ ሳስረዳት ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና፣

«ካልቻልህስ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መጥለፉን።»

ሥራ አስኪያጅ ለሁሉም ጥያቄ አይመልስም።

አርቲስት ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። ሮቢት ላይ እንድሪስ የሚባል ሽንኩርት አምራች አለ። በአዘቦት ቀን ማሳውን ያጠጣል፤ የሰርግ ሰሞን ሲሆን ኪቦርዱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ይዞራል። የእስላም ሰርግ፣ የክርስቲያን ሰርግ፣ ምርቃት፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ አቀባበል፣ እሱ ያልዘፈነበት ድግስ የለም። ሲናገር ድምፁ አይሰማም፤ አጠገቡ ቆመህም «ምን አልህ?» ማለት አለብህ። ሲዘፍን ግን ሌላ ሰው ነው። በተለይ አንዲት የሙሽራ ዘፈን አለች፤ እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቋት የሀገር ዘፈን። እሱ በኪቦርዱ ምት ያወጣትና መሐል ላይ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ እንኳ ቢሆን፣ ተነሥቶ ሳይዘል አይቀመጥም።

ማሳው ድረስ ሄጄ ነገሩን ዘረዘርሁለት። ቦይ እያስተካከለ አዳመጠኝ።

«ዘፈኑ እኮ የኔ አይደለም» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የሀገሩ ነዋ። እኔ ከአክስቴ ነው የሰማሁት፤ እሷም ከሰው ነው የሰማችው።»

«ድምፁስ የማን ነው?»

«ድምፁ የኔ ነው።»

«ኪቦርዱስ?»

«የኔ።»

«አለቀ እንግዲህ» አልሁት።

አካፋውን ተደግፎ፣ «ከዚህ አልፎ ሰው ይሰማኛል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አርባ ሊሞላው ነው፤ ከወልዲያ ወዲያ ዘፍኖ አያውቅም። ሲጠይቀኝ ፊቱን ወደ ሽንኩርቱ አዙሮ ነበር፤ ጉጉቱ እንዳይታይበት ነው። «ወላሂ ትሰማለህ» አልሁት። መሐላውን አሁን አስበዋለሁ።

ቀረጻውን በቤቴ ጓዳ አደረግነው። ግድግዳውን በፍራሽና ማሽላ በያዘ ጆንያ ሸፈንሁት። ፋጡማ ዶሮዎቿን ሰብስባ ጎረቤት ተሰደደች፤ አውራው ግን አምልጧት ኖሮ ሦስተኛው አዝማች ላይ ገባበት። እንድሪስ «እንደገና እንቅዳው» ሲል እኔ «ተወው፣ ለዛ ነው» አልሁት። የሽፋኑን ፎቶ ራሴ ሠራሁት። ከጉርድ ፎቶ ልምዴ በመነሣት ከኋላው ያለውን የሽንኩርት ማሳ አውጥቼ ባሕርና ረጃጅም ፎቆች አስገባሁለት። እንድሪስ ባሕር ዳር ቆሞ ኪቦርድ የሚሸጥ ሰው መሰለ።

ቀጥሎ ፎርሙ። ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የፎቶ ኮፒ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ አሳልፌያለሁ፣ ጥቂት አንብቤያለሁ። የዘፈኑ ዓይነት ምንድን ነው ብሎ ዝርዝር አመጣ። ራያ የለም፣ ወሎም የለም። ታች ስወርድ «ዓለም» የሚል አገኘሁ። ራያም ያለው ዓለም ውስጥ ነው ብዬ ነካሁት። ቀጠለ፦ «ይህ ሥራ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው?» አዎ። «ሌላ ሰው ሲጠቀምበት አድነን እንድንከላከልላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ጥበቃ የሚጠላ ማን አለ? ሱቄን እንኳ የሚጠብቅልኝ የሰፈር ውሻ ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። አዎ አልሁ። በመጨረሻ፣ የተጠቀመበት ሲገኝ ምን እናድርገው የሚል መጣ። ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ድምፁን መዝጋት፣ ቪዲዮውን ማገድ፣ ወይም ዝም ብሎ መከታተል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ለምን ብትሉኝ የመጀመሪያ ስለሆነ ነው።

በሳምንቱ ዘፈኑ ወጣ። በገበያ ቀን ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስሬ «የእንድሪስ ዘፈን ዓለም ላይ ወጣ» እያልሁ ቆቦን ዞርሁ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ አስቆመችኝ።

«የት ነው የወጣው?»

«ዓለም ላይ።»

«እዚህ ስሰማው አይደል እንዴ የኖርሁት?» አለችኝ። የማስተዋወቅ ሥራ እንዲህ ዓይነት ፈተና አለው።

አድማጩን በየሰዓቱ እቆጥራለሁ። አብዛኛው አድማጭ እኔ ነበርሁ። የተቀረው ፋጡማ ነች፤ እሷም በእኔ ስልክ። እንድሪስ ከሮቢት እየደወለ «ሰው ሰማኝ?» ይለኛል፤ «እየሰሙህ ነው» እለዋለሁ። እኔም ሰው ነኝ።

አሥር ቀን ያህል እንዲህ ከቆየሁ በኋላ እቴቴ ዘውዲቱ ከዋጃ መጡ። እቴቴ ዘውዲቱ አምና ትንሿን ልጃቸውን አስናቀችን የዳሩ እናት ናቸው። የዘፈነላቸውም እንድሪስ ነው። ትልቋ ልጃቸው ሀና ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለእህቷ ሰርግ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። በሰርጉ ቀን እንድሪስ ስሟን ጠርቶ፣ ባሕር ማዶ ያላችሁ ሰላምታችንን አድርሱልን ብሎ ዘፍኖላት ነበር። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል። ሀና ዓርብ ዓርብ ስታርፍ ትከፍተዋለች።

«ልጄ፣ ሰርጋችን ዲዳ ሆነብን» አሉኝ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ።

«እንዴት ሆኖ፣ እቴቴ?»

«ሀና ደውላ አለቀሰችብኝ። ‹እማ፣ ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል ድምፅ የለውም፤ ስሜን ሲጠራ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ አልሰማም› አለችኝ። የዚህ ነገር አዋቂ አንተ ነህ ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

ስልካቸውን ተቀብዬ ከፈትሁት። እንድሪስ ኪቦርዱን ይመታል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሰው ይዘላል፤ ድምፅ ግን ጭር። ሙዚቃ ሲወጣለት ጭፈራ እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ሁሉም ልብሱ ውስጥ ንብ የገባበት ይመስላል። ከሥር እንግሊዝኛ አለ። ቀስ ብዬ አነበብሁት። የዚህ ቪዲዮ ድምፅ በባለመብቱ ጥያቄ ተዘግቷል ይላል። ባለመብት፦ ጎርፍ፣ ቆቦ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ድርጅቴ በእንግሊዝኛ ባለመብት ተብሎ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ቀና ስል እቴቴ ዘውዲቱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ኔትወርክ ነው» አልኋቸው።

ኔትወርክ ነው ሲሉት የማያምን ሰው በእኛ አገር የለም። «እደግልኝ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው ወጡ። ምርቃቱ እንደ ቁንጫ ሲበላኝ ዋለ።

በማግስቱ ሁለት ሙሽሮች መጡ። በሦስተኛው ቀን ዋንጫ የበላው የሰፈር እግር ኳስ ቡድን መጣ፤ በደስታ ቀናቸው የጨፈሩበት ቪዲዮ ዝም ብሏል፤ ጎል ጠባቂው ብቻ ሳይሆን ዋንጫው ራሱ ያዘነ ይመስላል። አራተኛው ቀን ላይ ነገሩ ገባኝ። እንድሪስ ሦስት ዓመት ሙሉ በየድግሱ የሚዘፍነው ያንኑ ምት ከፍላሹ እያወጣ ነው። እኔ የላክሁት ዘፈንም በዚያው ምት የተሠራ ነው። ለመድረኮቹ ዘፈን እያዳመጠ የሚያድነው ማሽን «ይህ የጎርፍ ንብረት ነው» ተብሎ ተነግሮታል፤ እንግዲህ ያን ምት በሰማበት ሁሉ፣ ዋጃም ይሁን ሮቢት፣ አፍ እየለጎመ ይዞራል። አዛዡ እኔ ነኝ። ትእዛዙን የሰጠሁት ደግሞ በፎርሙ ላይ ባለች አንዲት ሣጥን በአውራ ጣቴ ነው።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ጉዳዩ፦ ድምፃችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ» ይላል። ስለ ተምች መከላከል ያዘጋጁት ቪዲዮ ጀርባው ላይ የእንድሪስ ዘፈን ስለነበረ ተዘግቷል፤ «በዚህም የተነሣ አርሶ አደሩ ኃላፊያችን በእጃቸው ምልክት ብቻ ሲያስተምሩ እየተመለከተ የሚገኝ በመሆኑ» ይላል። ማኅተማቸው አንድም ፊደል አልጎደለውም። በዚያ ሳምንት ደግሞ አንዲት ሙሽራ አኩርፋ እናቷ ቤት ገባች። ባሏ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «የሰርጌን ድምፅ ያስጠፋኸው አንተ ነህ ትለኛለች፤ እኔ ስልክ መክፈት እንኳ ከእሷ ነው የተማርሁት» እያለ ለመንገደኛው ያስረዳል።

ከሁሉም የባሰው የእንድሪስ ነው። ማሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያቺኑ ዘፈን እየዘፈነ ራሱን ቀርጾ ጭኖ ነበር፤ ሰው ይየኝ ብሎ። ከሰዓት ከሮቢት መጣ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ተርጉምልኝ» አለኝ።

ተረጎምሁለት። «እንድሪስ የእንድሪስን ዘፈን ያለ እንድሪስ ፈቃድ ስለተጠቀመ ድምፁ ተዘግቷል ይላል።»

«ታዲያ የምዘፍነው እኔ ማን ነኝ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዓለም ይሰማሃል አልኸኝ። አሁን ሮቢትም አይሰማኝም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ለአከፋፋዩ ድርጅት ጻፍሁ። ልል የፈለግሁት «ክቡራን ሆይ፣ ጥበቃው በዝቷልና ተዉት» ነው። እንግሊዝኛዬ ይህን «ክቡራን ሆይ፣ ጥበቃ፣ በጣም፣ እባካችሁ» አድርጎታል። ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ። ሊሊ የምትባል ናት። «ሰላም ጎርፍ፤ ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ጥበቃውን ወደ ሌሎች መድረኮችም አስፍተንልዎታል» ትላለች። በማግስቱ ገና ያልተዘጉት አጫጭር ቪዲዮዎች ሁሉ ተዘጉ። እንደገና ጻፍሁ። ሊሊ እንደገና አመሰገነችኝ። በምሳ ሰዓት ፋጡማ ፊት «ሊሊ ትህትናዋ ግሩም ነው፣ ግን አልተግባባንም» ብዬ አመለጠኝ።

ጉርሻዋን አቆመች። «ማናት ሊሊ?»

«የድርጅቱ ነች። ማሽን ትመስለኛለች።»

«ማሽን ሊሊ ይባላል?»

ይህን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ዘፈኑን ለማስለቀቅ ከፈጀብኝ ብዙም አያንስም።

ኔትወርክ ያልሁት ውሸት በስንተኛው ቀን እንደተገለጠ አላውቅም። አንድ ተማሪ ለእቴቴ ዘውዲቱ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቦላቸው ኖሯል። ወደ እኔ አልመጡም፤ ወደ ሽማግሌ ሄዱ። ከገበያው ጀርባ ካለው ሾላ ሥር ተጠራሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የሚናገሩት አያ ሞላ ናቸው። አያ ሞላ የወሰን፣ የከብትና የሚስት ኩርፊያ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የኢንተርኔት ነገር ገና የመጀመሪያቸው ነው።

«ልጄ፣ ይህን ዘፈን ከማን ገዛኸው?» አሉኝ።

«አልገዛሁትም፣ አያ ሞላ።»

«ወረስኸው?»

«አልወረስሁትም።»

«ታዲያ እንዴት ያንተ ሆነ?»

«ያንተ ነው ወይ ሲሉኝ... አዎ አልሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንዲህማ ከሆነ፣ ያንን የዞብልን ተራራ ያንተ ነው ወይ የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ነው ደሀ ሆኜ የኖርሁት» አሉ። ተሰብስቦ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እቴቴ ዘውዲቱ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ የከፋኝ ዘፈኑን መውሰድህ አይደለም» አሉኝ። «ልጄ አራት ዓመት ሆናት ከወጣች። በዚያ ሰው ቤት በስሟ አይጠሯትም፤ ሌላ ስም አውጥተውላታል። ስሟን የምትሰማው በዚያ ዘፈን ውስጥ ነበር። አንተ ደግሞ ኔትወርክ ነው አልኸኝ።»

ከሾላው ሥር የነበረው ሳቅ ሁሉ ተሰበሰበ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝሁ።

ፍርዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዘፈኑን እንዲለቁት እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው አስጽፌ እንድልክ። ሁለተኛው፣ እስኪለቁት ድረስ ሀና እንዳትጠብቅ፣ የአስናቀች ሰርግ በሚመጣው ዓርብ እንደገና እንዲዘፈን። እኔም ለመርዳት ብዬ አንድ ነገር አስረዳሁ፤ እንድሪስ ከዘፈነ ማሽኑ ድምፁንም ኪቦርዱንም ያውቃል፣ ተመልሶ ይዘጋዋል አልሁ።

አያ ሞላ ጺማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያ እንድሪስ ይቀመጥ። ኪቦርዱም ይቀመጥ። ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል። አውጪው አንተ ነህ።»

«አያ ሞላ፣ እኔ መዝፈን...»

«የሰው አፍ ያዘጋ የራሱን ይክፈት» አሉና ተነሡ። ይግባኝ የለውም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዋጃ ወረድን። ቀኑ ጾም ስለነበረ ድግሱ ሽሮና ምስር ነው። አስናቀች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የሰርግ ቀሚሱ ከኋላ አልዘጋ ስላለ በመርፌ ቁልፍ አያይዘውላት፣ ወደ ካሜራው ብቻ እንድትዞር ተነግሯታል። ባሏ ከሥራ ተጠርቶ በሰው ኮት መጣ። ሚዜዎቹ ሦስቱ ሥራ ላይ ስለነበሩ ሁለት ጎረቤትና አንድ የፋጡማ ወንድም ተተኩባቸው። አንድ አዛውንት «ማን ነው የሚያገባው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ያው አምና ያገባችው ናት» ይሏቸዋል፤ «ከማን ጋር?» ይላሉ፤ «ከዚያው ከባሏ ጋር» ሲሏቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ምስራቸውን ቀጠሉ።

ከበሮው ተመታ። እኔ መሐል ቆምሁ። ድምፄን እንዴት ልግለጽላችሁ። ቅባት የናፈቀው የጋሪ ጎማ ሽቅብ ሲወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ቢያንስ ምት ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳወጣ ተቀባዮቹ መቀበል ረስተው አዩኝ። አንዲት ሕፃን አለቀሰች። ከበሮ የምትመታው ሴት ሊያዛምደኝ ይችላል ያለችውን ምት ሁሉ ሞከረችና ኋላ ዓይኗን ጨፍና የራሷን መታች። እንድሪስ ዳር ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መስሎኝ አዘንሁ፤ ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ግን አላቆምሁም። ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ደረስሁና ካሜራውን አይቼ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቼ፣

«ሀና የእናት ልጅ፣ ሀና የሰው ወርቅ፣
ደስታችን ይድረሳት፣ ላለችው በሩቅ»

አልሁ። እቴቴ ዘውዲቱ እልል አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ተነሥቶ ይዘል ነበር፤ አያ ሞላም ዱላቸውን ከፍ አድርገው ገቡ፤ ሙሽራዋ ተረስቷት ዞረችና የመርፌ ቁልፎቹ ሁሉ ታዩ።

ቪዲዮውን እዚያው ከግቢው ጫንነው። «በማጣራት ላይ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሰው ሁሉ በአንዲት ስልክ ላይ ተደፋ። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተዘፈነችውን ዘፈን ከየጓዳው አድኖ የያዘ፣ ከተምች ትምህርት ጀርባ እንኳ ያልሳታት ማሽን አሁን የእኔን እየመረመረ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት ወጣ፦ ከሌላ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነገር አልተገኘም።

እንድሪስ ስልኩን ወስዶ ሁለት ጊዜ አየው። «አላወቃትም» አለ።

«ምኗን?»

«ዘፈኗን። ካንተ አፍ ስትወጣ አላወቃትም።» ከዚያ ሳቀ። እንድሪስን ጮክ ብሎ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከወር ወዲህ ደግሞ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ አልተቀየምሁም። ትንሽ ብቻ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሀና ደወለች። እቴቴ ዘውዲቱ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። መጀመሪያ ልቅሶ መሰለን፤ ሳቅ ነው። ልታቆም ትሞክርና እንደገና ይነሣባታል።

«እማ፣ ማነው ይሄ የዘፈነው?»

«ድርጅቱ ነው» አሏት።

«ድርጅት ይዘፍናል?»

«ፍርድ ሆኖበት ነው ልጄ።»

አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። «በሉ አንዴ ይድገምልኝ» አለች። «ስሜን ብቻ።»

ደገምሁላት። ግቢው ውስጥ ከዋለው ሰው አንድም የሳቀ አልነበረም።

ለአከፋፋዩ የሚላከውን ደብዳቤ የጻፈችልኝ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ናት። ታሪኩን ሁሉ ሰምታ አራት መስመር ብቻ ጻፈች፦ ዘፈኑ የእኛ አይደለም፤ የሀገሩ ሕዝብ ነው፤ የእኛ ነው ያልነው ተሳስተን ነው፤ እባካችሁ ልቀቁት። እንደዚህ ቀጥታ መጻፍ እንደሚቻል ለእኔ ትዝ አላለኝም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ በሊሊ ሳይሆን ስሙን ከሥር በጻፈ ሰው በኩል፣ መልስ መጣ። ሰርጎቹ አንድ በአንድ አፋቸውን ፈቱ። እግር ኳስ ቡድኑ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጨፈረ። ያኮረፈችው ሙሽራ ቤቷ ገባች። ተምቹም ማብራሪያው ተመለሰለት።

እንድሪስ ከዚያ በኋላ የራሱን ዘፈን ሠራ፤ ስለ መስኖ ውኃ ተራ የሚጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነው። ፎርሙ «ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው?» ሲል ጣቴን ያዘኝና ብዙ አሰበ። ግጥሙን ራሱ ነው የገጠመው፤ ዜማውን ራሱ ነው ያወጣው፤ ጠቡ ግን የጎረቤቶቹ ነው አለ። ሄዶ ሁለቱንም አስፈቅዶ መጣ። የጥበቃውን ሣጥን ባዶውን ተውነው። በወሩ፣ እኔም ፋጡማም ያልሆንን አንድ አድማጭ ስሙን በማናውቀው ከተማ ተገኘ። እንድሪስ ካርታ ላይ አሳየኝ ብሎኝ አሳየሁት። ሮቢትን በአንድ ጣት፣ ያን ከተማ በሌላው ይዞ ብዙ ቆየ።

ባለፈው ሳምንት እቴቴ ዘውዲቱ ለመታወቂያ ኮፒ መጥተው ነበር። የእንድሪስ ቪዲዮ ድምፁ ከተመለሰ በኋላ ለሀና መላካቸውን ነገሩኝ።

«ደስ አላት ታዲያ?» አልኋቸው።

«ደስ ብሏታል። ግን የምትከፍተው ያንተን ነው።»

ደረቴ ትንሽ ሞቀ። «ምነው፣ ወደደችው እንዴ?»

ኮፒያቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰለህ፤ ‹እማ፣ የእንድሪስን ስሰማ አገሬ ትናፍቀኛለች፣ ሥራ መሥራት ያቅተኛል። የሰውየውን ስሰማ ግን እንኳንም እዚያ አልተገኘሁ እላለሁ› አለችኝ።»